ለረመዷን ምግብን አስቀድሞ በብዛት አዘጋጅቶ በፍሪጅ ማቆየት፦ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለአካባቢው ቤተሰቦች



ጾመኛ በሚያፈጥርበት ወቅት የሚያደርገው ዱዓ እንደማይመለስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ስለዚህ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ለቁርኣን፣ ለዚክርና ለዱዓ የሚፈለግ ውድ ጊዜ ነው። በብዙ ቤቶች ግን እናቶቻችንና እህቶቻችን ይህን ጊዜ የሚያሳልፉት ጭስ ውስጥ ሆነው ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ወጥ ሲያቁላሉና ሳንቡሳ ሲጠቀልሉ ነው። አዛን ተብሎ ሌላው ሰው በቴምር ሲያፈጥር እነሱ ገና ከምድጃው አልተነሡም። ከኢፍጣር በኋላ ደግሞ ዕቃ ማጠቡ፣ ቀጥሎም የሱሑሩ ዝግጅት ይመጣል፤ ተራዊሕም በዚሁ ያመልጣል።

ይህን ጫና ከሚያቃልሉ መንገዶች አንዱ ምግብን በአንድ ቀን በብዛት አዘጋጅቶ፣ በትንንሽ መጠን ከፋፍሎ፣ በፍሪጁ የበረዶ ክፍል ማቆየት ነው። ነገር ግን መብራት በሚቆራረጥበት በምዕራብ ጎጃም የወር ወጥ ሠርቶ ማከማቸት አያዋጣም። የሚያዋጣው ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ የሚፈጀውን ክፍል ብቻ ለአንድ ሳምንት ማዘጋጀት ነው፤ ይኸውም ቁሌቱን፣ የተቀቀለውን ጥራጥሬ፣ መረቁንና ያልተጠበሰውን ሳንቡሳ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥቅሙን፣ አሠራሩን፣ መብራት ሲጠፋ መደረግ ያለበትንና ፍሪጅ የሌለው የገጠር ቤተሰብ ምን አማራጭ እንዳለው በተራ እናቀርባለን።

አዲስ ነገር አይደለም

አንድ ጊዜ ደክሞ ብዙ ጊዜ መመገብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የባልትና ሥራ በሙሉ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። በርበሬ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከቅመሙ ጋር ተቀምሞ፣ ተፈጭቶ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ሽሮ አተሩ ወይም ሽምብራው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ተቀምሞ ስለተፈጨ ነው እንግዳ ሲመጣ ቶሎ የሚደርሰው። ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የተነጠረ ቅቤም እንዲሁ ናቸው። የበርበሬ ምርታቸው በስፋት የሚታወቀው የቡሬና የጃቢ ጠህናን ቤቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

የቀደሙት እናቶቻችን ምግብ ያቆዩት በማድረቅ፣ በመቁላትና በማንጠር ነው። ፍሪጅ በዚህ ላይ አንድ መንገድ ጨመረ፦ እርጥብ የሆነውን ምግብ በቅዝቃዜ ማቆየት። ልዩነቱን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የደረቀ ምግብ እርጥበት እስካላገኘው ድረስ ራሱን ችሎ ይቆያል። የቀዘቀዘ ምግብ ግን የሚቆየው ቅዝቃዜው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ቅዝቃዜ ጀርምን አይገድልም፤ እንዳይራባ ያስተኛዋል እንጂ። ምግቡ በሞቀ ጊዜ ጀርሟም ትነቃለች። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ጥንቃቄዎች ሁሉ መነሻቸው ይህ ነው።

ምግብ ማቆየት በሸሪዓ

«ምግብ ማከማቸት በአላህ ላይ ያለንን ተወኩል አይጎዳምን?» ብለው የሚጠይቁ ወገኖች አሉ። በሱረቱ ዩሱፍ እንደተነገረው ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) በጥጋቡ ዘመን የታጨደው እህል ለድርቁ ዘመን ከነዛላው እንዲቀመጥ መክረዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበርም በቡኻሪ ተዘግቧል።

ስለ ሥጋ ደግሞ የታወቀ ክስተት አለ። በአንድ ዓመት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡድሒያ ሥጋ ከ3 ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ከለከሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሰሓቦች ስለዚሁ ሲጠይቋቸው፣ ክልከላው ሰዎች ተቸግረው ስለነበር እንደሆነ አስረድተው፣ እንዲበሉ፣ እንዲያበሉና እንዲያስቀምጡ ፈቀዱላቸው። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ምግብ ማስቀመጥ የተፈቀደ ነው። ሁለተኛ፣ ጎረቤት በተራበበት ጊዜ ከማስቀመጥ በፊት ማካፈል ይቀድማል።

ጥቅሞቹ

1. ጊዜ። የአንድ ቀን የኢፍጣር ዝግጅት ከፍተኛውን ሰዓት የሚወስደው ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍና ማቁላላት፣ ጥራጥሬ መቀቀልና ሳንቡሳ መጠቅለል ነው። 5 ኪሎ ሽንኩርት ማቁላላት 1 ኪሎ ከማቁላላት አምስት እጥፍ ጊዜ አይወስድም። እሳቱ አንድ ጊዜ ይነድዳል፤ ድስቱም አንድ ጊዜ ይታጠባል። ቁሌቱ ዝግጁ ከሆነ ወጡ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይደርሳል።

2. ማገዶ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሽምብራ፣ ባቄላና ቦሎቄ በእኛ አገር ለመብሰል ረጅም ሰዓት የሚወስዱት አንዱም በዚህ የተነሣ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመቀቀል የሳምንቱን በአንድ ድስት መቀቀል የእንጨት፣ የከሰልና የመብራት ወጪን በእጅጉ ይቀንሳል። እናትና ሕፃን የሚተነፍሱት ጭስም በዚያው ልክ ያንሳል።

3. የሐላል ሥጋ አቅርቦት። ሙስሊሙ በቁጥር አናሳ በሆነባቸው የጎጃም ከተሞች የሙስሊም ሥጋ ቤት እንደ ልብ አይገኝም። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም ደግሞ ረመዷን ከዐቢይ ጾም ጋር ተደራርቦ ስለነበር ብዙ ሥጋ ቤቶች ዝግ በሆኑበት ወቅት ነው የጾምነው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ሳቢያ መንገድ የሚዘጋበትና ገበያ የሚቋረጥበት ቀንም አለ። ጥቂት ቤተሰቦች ተጣምረው ሐላል በሆነ መንገድ የታረደ በሬ ወይም በግ በቅርጫ ተከፋፍለው ድርሻቸውን በትንንሽ መጠን ቢያቆዩ ይህን ክፍተት ይሞላሉ።

4. ወጪ። ሽንኩርት በመስኖ ደርሶ በሚረክስበት ጊዜ በብዛት ገዝቶ ማቁላላት በየቀኑ በኪሎ ከመግዛት ያተርፋል። በተራበ ሆድ ገበያ ወጥቶ ያልታሰበ ነገር የመግዛቱ ልማድም ይቀንሳል።

5. ከኢስራፍ መጠበቅ። በረመዷን ማዕድ በዝቶ የሚደፋው ምግብ ጥቂት አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) ብሉ፣ ጠጡ፣ አታባክኑ ብሎ አዟል። ለቤተሰቡ ቁጥር ተለክቶ የተቀመጠ ምግብ የሚወጣው በልክ ስለሆነ የሚደፋ አይኖርም።

ምን ይቆያል፣ ምን አይቆይም?

በበረዶ ክፍል ጥሩ የሚሆኑት፦

• ቁሌት፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ለአልጫ የሚሆነውን ያለ በርበሬ ለብቻ ማዘጋጀት ይቻላል።
• የተቀቀለ ሽምብራ፣ ባቄላና ምስር።
• የአጥንት መረቅ፦ ለአጃ ሾርባና ለገብስ ሾርባ።
• ያልተጠበሰ ሳንቡሳ።
• ቀይ ወጥና የተቀቀለ ሥጋ።
• እንጀራ፦ ከቀዘቀዘ በኋላ ታጥፎ አየር በማያስገባ ላስቲክ ከታሸገ። ሲወጣ ከነላስቲኩ ሆኖ በረዶው ይለቀቃል፤ ላስቲኩ ቀድሞ ከተከፈተ ጠርዙ ይደርቃል።

የማይሆኑት፦

• ድንች ያለበት ወጥ፦ ድንቹ ውኃ ይለቅና አሸዋ አሸዋ ይላል። ድንቹን በሚበላበት ቀን መጨመር ይሻላል።
• የተቀቀለ እንቁላል፦ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል። ዶሮ ወጥ ሲቀመጥ ያለ እንቁላል ይሁን።
• ሰላጣ፣ ቃሪያና ጥሬ ቲማቲም ለሰላጣ፦ ይልፈሰፈሳሉ።
• እርጎ፦ ይለያያል።
• ሽሮ ወጥ፦ ዱቄቱ ከተዘጋጀ ቶሎ ስለሚደርስ ቦታ ማጣበቡ አያስፈልግም።

ሩዝን በተለየ ጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። የበሰለ ሩዝ ድስቱ ውስጥ ለሰዓታት ከዋለ የምትራባው ባክቴሪያ በማፍላት የማይጠፋ መርዝ ታመነጫለች። ስለዚህ ከኢፍጣር የተረፈ ሩዝ ውጭ አድሮ ለሱሑር መሞቅ የለበትም። ሩዝ ትኩሱን ቢበላ ይመረጣል፤ ካስፈለገም ቶሎ በሰፊ ትሪ አቀዝቅዞ ማስገባት ነው።

ቦሎቄ ደግሞ በደንብ ሳይፈላ ከተበላ ሆድ ያውካል። ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ የዘፈዘፉበትን ውኃ ደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ እየተንተከተከ እስኪለሰልስ ድረስ ማብሰል ግድ ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ፍሪጅዎን ይወቁ። በብዙ ፍሪጆች የበረዶ ክፍል በር ላይ የኮከብ ምልክት አለ። አንድ ኮከብ ማለት እስከ 6 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የበረዶ ምግብ ለ1 ሳምንት ይይዛል። ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12 ሲሆን ለ1 ወር ያህል ነው። ሦስት ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ሲሆን እስከ 3 ወር ያቆያል። ከውስጥ ትንሽ የበረዶ ሣጥን ብቻ ያለው የድሮ ፍሪጅ ሲሆን ከሳምንት በላይ ባያቅዱ ጥሩ ነው። ዲፕ ፍሪዘር ያለው ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

ሁለተኛ፣ በሚገባ ያብስሉ። ንጽሕናውን ሳይጠብቅ የገባ ምግብ በረዶ ሆኖ ንጹሕ አይሆንም። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያና ቢላ ሳይታጠብ የበሰለውን አይንካ።

ሦስተኛ፣ ቶሎ ያቀዝቅዙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ድስት ሙሉ ወጥ ተከድኖ ጓዳ ውስጥ ካደረ መሐሉ ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ደግሞ ጀርም በፍጥነት የምትራባበት ነው። ምግቡን ከእሳት እንደወረደ በሰፊና ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ማከፋፈል፣ ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ማማሰል ያስፈልጋል። ከእሳት ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪጅ መግባት አለበት። የካቲትና መጋቢት በአካባቢያችን ሙቀት የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ ወደ ዓባይ በረሃ በሚጠጉ ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ጊዜው ከዚህም ሊያጥር ይገባል።

አራተኛ፣ ለአንድ ማዕድ በሚሆን መጠን ይክፈሉ። ለ6 ሰው አንድ ወጥ የሚበቃ ቁሌት በአንድ ዕቃ፣ የሌላው ቀን በሌላ ዕቃ። በረዶውን የለቀቀ ምግብ ተመልሶ በረዶ መደረግ ስለሌለበት በአንድ ትልቅ ዕቃ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። ለምግብ የተሠራ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ወይም ወፍራም የምግብ ላስቲክ ይጠቀሙ፤ ስስ ፌስታል ይቀደዳል፣ ትኩስ ምግብም አይገባበትም። ፈሳሽ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ያጉድሉ።

አምስተኛ፣ ስሙንና ቀኑን ይጻፉ። በረዶ ከሆነ በኋላ ቁሌቱም መረቁም አንድ ይመስላሉ። ወረቀት ላይ ጽፎ በፕላስተር መለጠፍ በቂ ነው። በተለይ ፍሪጁ ከሌላ እምነት ጎረቤት ወይም ከአከራይ ጋር የጋራ ከሆነ የሐላል ሥጋ የራሱ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ስም ተጽፎበት፣ በላይኛው ቦታ ይቀመጥ። በጉርብትና መካከል ጥርጣሬና ቅሬታ እንዳይገባ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ስድስተኛ፣ ሲያወጡ በሥርዓት ያውጡ። ለነገ የሚፈለገውን ሥጋ ወይም ሙሉ ወጥ ዛሬ ማታ ከበረዶ ክፍሉ ወደ ታችኛው የፍሪጅ ክፍል ማውረድ ነው። ቁሌትና መረቅ በረዶ እንደሆኑ በቀጥታ ድስት ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ሥጋን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ማቆየት ትክክል አይደለም፤ ውስጡ ገና በረዶ ሳለ ላዩ ይሞቃልና። ሲሞቅ እየተማሰለ ሁሉም ክፍሉ መፍላት አለበት፤ ለብ ማለቱ አይበቃም።

ሳንቡሳ የራሱ አያያዝ አለው። ምስሩ ወይም ሥጋው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ከተጠቀለለ ሊጡ ይረጥብና ይቀደዳል። ከተጠቀለለ በኋላ ትሪ ላይ ሳይነካካ ተደርድሮ በረዶ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በላስቲክ አንድ ላይ ቢሰበሰብ አይጣበቅም። ሲጠበስ በረዶውን መልቀቅ አያስፈልገውም፤ ላዩ ላይ ያለውን የበረዶ ብናኝ አራግፎ፣ መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት ጥቂት ጥቂቱን መጥበስ ነው። በጣም የጋለ ዘይት ላይ ከተጣለ ዘይቱ ይፈናጠራል፤ ላዩም አርሮ ውስጡ ቀዝቃዛ ይሆናል።

ለ6 ሰው የአንድ ሳምንት ዝግጅት

ከዚህ በታች ያለው ለመነሻ የሚሆን ልኬት ነው፤ እንደየቤቱ አቅምና ልማድ ይጨመራል፣ ይቀነሳል።

• ለቁሌት፦ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 1 ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ በርበሬ፣ ሩብ ኪሎ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ዝንጅብል። ለ7 ይከፈላል።
• ለሳንቡሳ፦ በነፍስ ወከፍ 2 ቢታሰብ በቀን 12፣ በሳምንት 84 ይሆናል። ለዚህ 1 ኪሎ ድፍን ምስር፣ 1 ኪሎ ሽንኩርትና 1 ኪሎ ተኩል የፉርኖ ዱቄት ይበቃል።
• ለጥራጥሬ፦ 1 ኪሎ ተኩል ሽምብራ ወይም ባቄላ። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይቀቀላል፤ ለ4 ወይም ለ5 ይከፈላል።
• ለሾርባ፦ 2 ኪሎ አጥንት ተቀቅሎ መረቁ ወፈር እንዳለ ለ7 በግማሽ ግማሽ ሊትር ይቀመጣል። በሚበላበት ቀን ውኃና አጃ ይጨመርበታል።

የመጀመሪያው ሳምንት ዝግጅት በሸዕባን መጨረሻ ላይ ቢያልቅ መልካም ነው። ቀጣዮቹ በእረፍት ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቢሠሩ ጾመኛን አያደክሙም። ጥራጥሬውና አጥንቱ ቀድመው ይጣዳሉ፤ እነሱ እስኪበስሉ ሽንኩርቱ ይከተፋል፤ ቁሌቱ ሲንተከተክ ሳንቡሳው ይጠቀለላል።

ጨውና ቅመም በማንኪያ ተለክቶ ከተመዘገበ በጾም መቅመስ አያስፈልግም። መቅመስ ግድ ለሆነባት ደግሞ ሳይዋጥ በምላስ ጫፍ ብቻ ቀምሶ መትፋት ለችግር እንደሚፈቀድ ብዙ ዑለማዎች ገልጸዋል።

ይህ ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ የሚተው መሆን የለበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። ሽንኩርት መላጥ፣ ውኃ ማመላለስ፣ ሳንቡሳ ትሪ ላይ መደርደርና ቀን መጻፍ ለአባወራም ለልጆችም የሚሆን ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ጠዋት ቤተሰቡ በጋራ ቢሠራ እናት ስድስት ከሰዓት በኋላ ታተርፋለች።

መብራት ሲጠፋ

በአካባቢያችን ያለ ማንኛውም የፍሪጅ ምክር ያለዚህ ክፍል ሙሉ አይሆንም።

በሩን አይክፈቱ። ሳይከፈት የቆየ፣ ጢም ብሎ የሞላ የበረዶ ክፍል ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት ይይዛል። ግማሽ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ነው። ታችኛው የፍሪጅ ክፍል ግን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እነዚህ ልኬቶች በደንብ ለሚዘጋ ፍሪጅ ናቸው፤ የበሩ ጎማ የላላ ከሆነ ጊዜው ያጥራል።

ባዶ ቦታውን በውኃ ይሙሉት። ፕላስቲክ ጠርሙሶች ላይ ጥቂት ጎደል አድርጎ ውኃ ሞልቶ በረዶ ማድረግ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ያራዝማል። ምግቡ እየወጣ ሲሄድ ጠርሙስ መተካት ነው።

የሳንቲም ምልክት ያኑሩ። በኩባያ ውኃ በረዶ አድርገው ላዩ ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጡና እዚያው ይተዉት። ከጉዞ ሲመለሱ ሳንቲሙ ላይ እንዳለ ከሆነ ምግቡ አልሟሟም። ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ ግን እናንተ ሳታውቁ በረዶው ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል ማለት ነው። በውስጡ ያለው የበሰለ ምግብና ሥጋ መጣል አለበት።

መብራት ሲመለስ ይፈትሹ። ምግቡ ውስጥ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለ ተመልሶ በረዶ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ጣዕሙ ግን ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። በረዶው አልቆ ቀዝቃዛነቱ ብቻ ከቀረ ወዲያውኑ ማፍላትና በዚያው ቀን መብላት ነው። ሞቆ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ከሆነ አይበላ። ሽታውና ጣዕሙ ደህና መሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚመርዙ ጀርሞች ብዙ ጊዜ ሽታ የላቸውም። ምግብ መጣል ያሳዝናል። ቢሆንም አንድን ሕፃን ለተቅማጥና ለትውከት ዳርጎ ሐኪም ቤት ማደር ከዚያ የባሰ ነው፤ ነፍስን መጠበቅም ከሸሪዓ ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው።

መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን ሶኬት ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ የሚል ኃይል ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ከሁሉ በላይ ከሳምንት ቀለብ በላይ አታከማቹ ማለታችን ለዚህ ነው። የሳምንት ቁሌት ቢበላሽ ኪሳራው ይቻላል፤ የወር ሥጋ ቢበላሽ ግን ቤተሰብ ይጎዳል።

ፍሪጅ ለሌለው የገጠር ቤተሰብ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ብዙው ቤት መብራት የለውም። ይህ ማለት ግን አስቀድሞ ማዘጋጀት አይችልም ማለት አይደለም።

ከሸዕባን ጀምሮ ደረቁን ማዘጋጀት ይቻላል። ሽሮና በርበሬ ማስፈጨት፣ የሾርባ አጃና ገብስ ከክቶና ፈትጎ ማስቀመጥ፣ ለሱሑር በሶ ማዘጋጀት፣ የተረፈ እንጀራን በፀሐይ ድርቆሽ ማድረግ ከኢፍጣር በፊት ያለውን ጥድፊያ ያስቀራሉ። ሥጋ ከተገኘ ቋንጣ ማድረግ ነው፤ በስሱ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ፣ ዝንብ በማይደርስበትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ረመዷን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በአሁኑ ዘመን በበጋ ውስጥ ይውላል፤ ለማድረቅ ምቹ ነው። ወደ ክረምት ሲገባ ግን ቋንጣ ሳይደርቅ ሊሻግት ስለሚችል ከምድጃ በላይ ማድረቅ ያስፈልጋል።

እርጥብ ቁሌት ያለ ፍሪጅ ለቀናት ማቆየት ግን አይመከርም። በተለይ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተዘፍዝፎ ውጭ ከተቀመጠ ሽታውም መልኩም ሳይለወጥ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልን አድርቆ ፈጭቶ ማስቀመጥ፣ ወይም የዕለቱን በዕለቱ መውቀጥ ይሻላል። ሽንኩርትም ቢሆን ሳይላጥ፣ ደረቅና ነፋሻ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል።

ዘመድ ከተማ ያለው ቤተሰብ ደግሞ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ባለ አንድ ፍሪጅ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። በገበያ ቀን የመጣ ሰው የሳምንቱን ሳንቡሳና ሥጋ በጨርቅና በወረቀት በደንብ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ሥጋው በዚያው ቀን መሠራት አለበት። የመብራቱን ክፍያ በጋራ መሸፈን ደግሞ ባለ ፍሪጁ እንዳይከብደው ያደርጋል።

ከፍሪጁ ውስጥ የሌሎች ሐቅ

ምግብ አስቀድሞ የማዘጋጀት ልማድ አንድ ፈተና አለው። ያዘጋጀነው ለእኛ ብቻ እየመሰለን ሊሄድ ይችላል። የኡድሒያውን ሥጋ ታሪክ ያነሣነው ለዚህ ነው። በአሁኑ ጊዜ ከቀዬው የተፈናቀለ፣ ሥራው የቆመበት፣ የሚያፈጥርበት ያጣ ወገን በየሠፈራችን አለ። ቡሬ ወደ ነቀምት፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ መግሪብ መንገድ ላይ የሚደርስበት ሾፌርና መንገደኛ አይጠፋም። ጾመኛን ያስፈጠረ ሰው የጾመኛውን ያህል አጅር እንደሚያገኝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል።

ስለዚህ የሳምንቱን ቁሌት ለ7 ስንከፍል ስምንተኛ ዕቃ እንጨምር፤ 84 ሳንቡሳ ስንጠቀልል 90 እናድርገው። ያ ስምንተኛው ዕቃ የጎረቤት፣ የመስጂድ ወይም የመንገደኛ ነው። ባልታሰበ ሰዓት እንግዳ ሲመጣ «ምን ልሥራ?» ብሎ መደንገጥ አይኖርም፤ በረዶ ሆኖ የተቀመጠው ቁሌት ድስት ውስጥ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማዕድ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) ጾማችንንና ቂያማችንን ይቀበለን፤ በጓዳ ለሚደክሙ እናቶቻችንና እህቶቻችን አጅራቸውን ያብዛላቸው፤ ለአገራችን ሰላምን፣ ለማዕዳችን በረካን ይስጥልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።